ልስን የሸፈነው ጉዳት

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ፣ በአካባቢውም ገጠር ብዙው ቤት በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ቆሞ በጭቃ የሚመረግ መሆኑ የታወቀ ነው። ይህ ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን ገብቶ ቶሎ በማደጉ ጠቀመን፤ ለጋ እንጨቱ ግን ምስጥን አይችልም።

ምስጥ ብርሃንን ስለሚሸሽ ከመሬት ተነሥቶ የቋሚውን ውስጥ ይበላል፤ ላዩን ይተወዋል። ጉዳቱም ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በክረምት ግድግዳው ሲያዘነብል ነው።

ስለዚህ ቤት የሚገዛ ሠራተኛ ገንዘቡን ከመክፈሉ አስቀድሞ ባለቤቱን አስፈቅዶ ከግድግዳው ግርጌ ልስኑን በጥቂቱ ይፋቅ፤ እንጨቱንም በቢላዋ ጫፍ ይውጋ። ቢላዋው ያለ ችግር ከገባ እንጨቱ ተበልቷል። ቀጭን የአፈር መሥመር ቢያይ የምስጥ መንገድ መሆኑን ይወቅ። ግርጌው ብቻ በአዲስ ጭቃ ተለስኖ እንደሆነም ምክንያቱን ይጠይቅ።

አዲስ ቤት የሚሠራም እንጨቱን ከአፈር የሚለይ የድንጋይ መሠረት ያብጅ፤ የዝናቡንም ውሃ በቦይ ያርቅ።