የሚጠበው የሳምባ ደም ሥርና ፀረ-ብግነት መድኃኒቶች

እንደሚታወቀው አንድ የሰውነት ክፍል ኦክስጅን ሲያንሰው የደም ሥሮቹ ሰፍተው ብዙ ደም ያሳልፋሉ። የሳምባ የደም ሥሮች ግን በተቃራኒው ይጠባሉ። ይህ የሚሆነው ለምንድን ነው? ሕመምንና ትኩሳትን ለማስታገስ የምንወስዳቸው ፀረ-ብግነት መድኃኒቶችስ በዚህ ሂደት ላይ ምን ያስከትላሉ? በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን ጥያቄዎች እንመለከታለን።

ስዊድናውያኑ ተመራማሪዎች ኡልፍ ፎን ኦይለር እና ዮራን ሊልየስትራንድ እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተሙት ጥናት፣ ድመቶች ኦክስጅኑ የቀነሰ አየር ሲተነፍሱ በሳምባቸው የደም ቧንቧ ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ እንደሚል አሳዩ። የዚህን ጥቅም ለመረዳት በመስኖ የሚለማ ማሳን እናስብ። ገበሬው ዘር ወዳልተዘራበት መደብ የሚሄደውን ቦይ ዘግቶ ውኃውን ወደ ተዘራው ይመልሳል። ሳምባም እንዲሁ በቂ አየር ወደማይደርሳቸው ከረጢቶች የሚሄደውን ደም ቀንሶ ጥሩ አየር ወዳላቸው ያዞራል።

ሆኖም ቦዮቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቢጠቡ ውኃው መሄጃ ያጣል። ሰው ወደ ከፍተኛ ተራራ ሲወጣ የሚሆነው ይኸው ነው። ኦክስጅን በመላው ሳምባ ስለሚያንስ የደም ሥሮቹ በጠቅላላ ይጠባሉ፤ ግፊቱ ይጨምራል፤ የቀኝ ልብ ሥራ ይከብዳል። በአንዳንድ ሰዎች ላይ ፈሳሽ ወደ አየር ከረጢቶቹ ገብቶ ሕይወትን አደጋ ላይ ይጥላል።

አሁን ወደ መድኃኒቶቹ እንለፍ። እንግሊዛዊው ጆን ቬን እ.ኤ.አ. በ1971 አስፒሪንና መሰሎቹ ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ውሑዶች እንዳይመረቱ እንደሚያግዱ አሳየ፤ በ1982ም የኖቤል ሽልማት ተጋሪ ሆነ። ከእነዚህ ውሑዶች ጋር የሚመደበው ፕሮስታሳይክሊን የሳምባን የደም ሥሮች ያሰፋል። በ1970ዎቹ በውሾች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች፣ ከአስፒሪን ወገን የሆነው ኢንዶሜታሲን ሲሰጥ በኦክስጅን እጥረት የሚመጣው መጥበብ በረታ እንጂ አልደከመም። ከዚህ የምንረዳው ፕሮስታሳይክሊንን የመሳሰሉት ውሑዶች የመጥበቡ ምክንያት ሳይሆኑ ልጓሙ መሆናቸውን ነው።

ታዲያ ልጓሙ መፈታቱ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? መልሱ እንደ ሁኔታው ይለያያል። የሳምባቸው አንድ ክፍል በምች በተጠቃ ውሾች ላይ እነዚህ መድኃኒቶች በታመመው ክፍል የሚያልፈውን ደም ስለቀነሱ የደሙ ኦክስጅን ተሻሽሏል። እጥረቱ መላውን ሳምባ ሲይዝ ግን ያው ውጤት ግፊትን ይጨምራል። እርግጥ በእንስሳት ላይ የታየው ሁሉ በሰው ላይ እንዳለ ይደገማል ማለት አይደለም።

ፀረ-ብግነት መድኃኒቶች ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። የስቴሮይድ ወገን የሆነው ዴክሳሜታሶን ለዚህ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጥናት፣ ቀደም ሲል በተራራ ላይ ሳምባቸው ፈሳሽ ቋጥሮ የነበረ ሰዎች በአልፕስ ተራሮች ወደ 4,559 ሜትር ወጡ፤ ይህም ከራስ ዳሸን ጫፍ ጋር የሚቀራረብ ከፍታ ነው። የማስመሰያ እንክብል ከወሰዱት 9 ሰዎች 7ቱ ሲታመሙ፣ ዴክሳሜታሶን ከወሰዱት 10 ሰዎች አንድም አልታመመም፤ የሳምባቸው የደም ግፊትም ዝቅ ያለ ነበር።

እንግዲህ «ፀረ-ብግነት» የሚለው የወል ስም መድኃኒቱ በሳምባ ውስጥ የሚሠራውን አይነግረንም። ሕመም ያስታገሰ እንክብል በሌላ የሰውነት ክፍል ልጓም ሊፈታ ይችላልና፣ በተለይ የልብ ወይም የሳምባ ሕመም ያለበት ሰው ከመውሰዱ በፊት ሐኪም ማማከር ይገባዋል።