የብየዳ ማቀዝቀዣ ፓምፕ፤ የሚጠገነውና የሚለወጠው
ለባሌ ደጋ ነጋዴዎችና ለአዲስ አበባ አስመጪዎች የሚጠቅም ማብራሪያ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በዲንሾ በኩል ሮቤ የሚደርሰው መንገድ ከ400 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በዚህ መንገድ የባሌ ስንዴና ገብስ ይጫንበታል፤ በአጨዳ ወራትም የመለዋወጫ ዕቃ ትእዛዝ ይሄድበታል፣ ዕቃውም ይመለስበታል። የባሌ ደጋ በልግና መኸር ሁለት ጊዜ የሚታጨድበት አገር እንደ መሆኑ፣ ኮምባይነር በቆመ ቁጥር ዝናቡ የደረሰውን እህል እንዳያገኘው ገበሬው ይሠጋል። በዚህን ጊዜ የበያጁ መሣሪያ ደግሞ ስለ አንዲት ትንሽ ፓምፕ ከቆመ፣ ጉዳቱ ከፓምፗ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይሆንም።

አብዛኛው የእርሻ መሣሪያ ስብራት በተራ ኤሌክትሮድ ይበየዳል፤ ይህም ውሃ አይፈልግም። ነገር ግን ከአሉሚኒየም የተሠራ ወፍራም ዕቃ፣ ለምሳሌ የካምቢዮ ቤት ወይም ቴስታታ ሲሰነጠቅ፣ ተፈላጊው በያጆች የአርጎን ብየዳ የሚሉት ነው። ይህ የብየዳ ስልት እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የአውሮፕላን ፋብሪካ የተገኘ ሲሆን፣ እሳቱን የሚይዘው ቶርች በኀይለኛ ከረንት ስለሚግል ውሃ እንዲዞርበት ማድረግ አስፈላጊ ሆነ። ዛሬም ሥራው ከ200 አምፔር በላይ ሲሆንና ረጅም ሰዓት ሲፈጅ በውሃ የሚቀዘቅዝ ቶርች ይመረጣል።

የማቀዝቀዣው አሠራር ቀላል ነው። ከጋን የሚወጣውን ውሃ ፓምፑ ወደ ቶርቹ ይገፋዋል፤ ውሃውም ሙቀቱን ተሸክሞ በራዲያተር በኩል ወደ ጋኑ ይመለሳል። ከረንት የሚሸከመው የመዳብ ገመድ በዚያው በመመለሻው ቱቦ ውስጥ ያልፋል። ገመዱ በውሃው ተማምኖ ቀጭን ሆኖ የተሠራ ስለሆነ፣ ውሃው ቢቋረጥ ገመዱም ቶርቹም በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይቃጠላሉ። ስለዚህ ፓምፑ ደከመ ተብሎ ሲጠረጠር ብየዳውን መቀጠል ትንሹን ኪሣራ በትልቅ መለወጥ ነው።

ይሁን እንጂ ደከመ የተባለው ፓምፕ ሁሉ ያረጀ አይደለም። መጀመሪያ የብየዳው ማሽን ይጠፋል፤ ማቀዝቀዣው ብቻ እየሠራ የመመለሻው ቱቦ ተፈትቶ ልክ ባለው ዕቃ ላይ አንድ ደቂቃ ይፈሳል። ብዙዎቹ ቶርቾች በደቂቃ አንድ ሊትር ያህል ይፈልጋሉ፤ ትክክለኛው ልክ በመሣሪያው መመሪያ ላይ ይገኛል። ከዚያ በታች የሆነ እንደሆነ፣ ፓምፑ ከመፈታቱ በፊት መሣሪያው ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ አራት ነገሮች ይመረመራሉ፦

1ኛ፤ ጋኑ ውስጥ በቂ ውሃ መኖሩ።
2ኛ፤ ፊልትሮው በዝቃጭ አለመደፈኑና ቱቦው አለመታጠፉ።
3ኛ፤ ሞተሩ በቀስቱ አቅጣጫ መዞሩ፤ የሦስት ፌዝ ሞተር ሽቦው ተለዋውጦ ቢታሠር ወደ ኋላ ይዞራልና።
4ኛ፤ የፓምፑ ማስተንፈሻ ቫልቭ በቆሻሻ ተይዞ ክፍት አለመቅረቱ፤ ክፍት ከቀረ ውሃው ወደ ቶርቹ ሳይሄድ እዚያው ይዞራል።

እነዚህ አራቱ ደኅና ሆነው ውሃው አሁንም ካነሰ፣ ወይም ከዘንጉ ሥር የሚንጠባጠብ ውሃ ከታየ ፓምፑ ይፈታል። በዚህ ጊዜ የፓምፑን ዓይነት መለየት ይገባል። ውሃውን በሚሽከረከር ጎማ ወርውሮ የሚገፋው ዓይነት ሲሉና ኩሽኔታው ሲለወጡለት ብዙ ጊዜ ወደ ሥራው ይመለሳል። በካርቦን ክንፎች የሚሠራው ግን በውስጡ ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ ስለሆነ፣ ክንፎቹ ተሰብረው ወይም ቤቱ ተቧጭሮ ከተገኘ በተራ ጋራዥ ከመታገል ሙሉውን ፓምፕ መለወጥ ይበጃል። ያም ሆኖ ሞተሩ ደኅና ከሆነ የሚለወጠው ፓምፑ ብቻ ነው።

አዲስ ፓምፕ ከመታሠሩ በፊት አሮጌውን ምን እንደ ገደለው መታወቅ አለበት። ካርቦን ክንፍ ያለው ፓምፕ የሚለሰልሰው በሚገፋው ውሃ ስለሆነ፣ ደረቁን ጥቂት ደቂቃ ቢዞር ይበላሻል። ኖራ ያለበት የጉድጓድ ወይም የቧንቧ ውሃ ደግሞ ቱቦውን ያጠብባል፤ ኤሌክትሪክም ስለሚያስተላልፍ ብረቱ እንዲበላ ያግዛል። ስለዚህ ተገቢው ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ነው፤ ውርጭ በማይደርስበት ቦታና አምራቹ በሚፈቅደው መሣሪያ የተጣራ ውሃም ያገለግላል። ባለሱቅ የተጣራውን የባትሪ ውሃ ከባትሪ አሲድ ለይቶ መስጠት አለበት። ለመኪና ራዲያተር የሚሸጠው ፀረ ውርጭ ግን አይሆንም፤ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ በአንዳንዱ ውስጥ ያለው ቀዳዳ መድፈኛ ቅመምም የቶርቹን ጠባብ መንገድ ይዘጋል።

በባሌ ይህ ጉዳይ ከቆላው አገር ይልቅ ይከብዳል። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ ጎባ ከዚያም ትበልጣለች፤ የሰናቴ አምባ 4,000 ሜትር ያልፋል። በሮቤ የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ፓምፕም ውሃን ከታች ስቦ ለማውጣት ያለው ጉልበት ይቀንሳል። ጋኑ ከፓምፑ ዝቅ ካለ ወይም የመሳቢያው ቱቦ ከረዘመ፣ ፓምፑ ጠጠር እንደሚፈጭ ድምፅ ያሰማል፤ ይህም ውስጡ እየተበላ ለመሆኑ ምልክት ነው። በበጋ ሌሊት ውርጭ በሚወርድበት ስፍራ ደግሞ ተራ ውሃ በፓምፑ ውስጥ ቢረጋ እየሰፋ ቤቱን ይሰነጥቀዋል። ጠዋት የተሰነጠቀውን ፓምፕ የሚያይ ሰው ዕቃው ደካማ ነው ብሎ ሻጩን ይወቅሳል እንጂ ውርጩን አይጠረጥርም።

ለአስመጪው ትልቁ ችግር ልኩን ማወቅ ነው። «የብየዳ ፓምፕ ላኩልን» የሚል ትእዛዝ ምንም አይናገርም። በፓምፑ ላይ ያለው የብረት ጽሕፈት፣ በሰዓት ወይም በደቂቃ የሚገፋው ሊትር፣ ማስተንፈሻው የሚከፈትበት ግፊት፣ የሚዞርበት አቅጣጫ፣ ከሞተሩ ጋር የሚያያዝበት ቡሎን ወይም ቀለበት፣ እንዲሁም የቱቦው መግቢያ የቪት ጥርስ ተለይተው መጻፍ አለባቸው። ጥርሱ በተለይ ያሳስታል፤ የ3/8 ኢንች የአሜሪካ ልክ በኢንች 18 ጥርስ ሲኖረው፣ የእንግሊዙ 19 ነው። ሁለቱ ሲጀመሩ የሚገጥሙ መስለው ይዞራሉ፤ ተጭነው ሲጠብቁ ግን የናሱን ጥርስ ይቆርጣሉ።

የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ያለ ልኩ የመጣ ዕቃ በመደርደሪያ ላይ የተቀበረ ገንዘብ ነው። ደግሞም በሮቤ ለብየዳ ብቻ የሚፈለገው ፓምፕ ጥቂት ስለሆነ፣ አንድ ሱቅ ብዙ አስቀምጦ አያተርፍም። ሆኖም ክንፍ ያለው ፓምፕ በቡና ቤቶች የኤስፕሬሶ ማሽን ውስጥም የሚሠራ የዚያው ዘር ዕቃ ነው። ጥርሱ፣ ግፊቱና አቅጣጫው በጽሕፈቱ መሠረት እየተመረመረ፣ ሁለቱን ደንበኞች የሚያገለግል አዲስ ፓምፕ ማስመጣት ይቻላል። ነገር ግን በብየዳ ማቀዝቀዣ ላይ አንድ ቀን እንኳ የሠራ ፓምፕ ለቡና ማሽን ፈጽሞ መሸጥ የለበትም፤ የነካው ፈሳሽ ለሚጠጣ ነገር አይሆንምና።

ሮቤና ጎባ የሚራራቁት 14 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የሁለቱ ከተሞች ባለሱቆች ቢስማሙ፣ አንዱ ሙሉ ፓምፕ፣ ሌላው ሲል፣ ፊልትሮና ማቀዝቀዣ ፈሳሽ አስቀምጠው ከአጨዳው በፊት ሊዘጋጁ ይችላሉ። ፓምፑ በመንገድ ላይ ላለበት በያጅም ምክሩ አንድ ነው፤ በአየር የሚቀዘቅዝ ቶርች አስሮ፣ ከረንቱን ቶርቹ በሚችለው ልክ ቀንሶ ቀላሉን ሥራ ይሥራ፤ የውሃውን ቶርች ግን ያለ ውሃ አይንካው። ለደንበኛው ፓምፕ ከመሸጡ በፊት «ውሃው በደቂቃ ስንት ይወጣል?» ብሎ የሚጠይቅ ባለሱቅ አንዳንድ ቀን ፓምፑን ሳይሸጥ ይውላል፤ ያ ደንበኛ ግን በሚመጣው አጨዳ ሌላ ሱቅ አይፈልግም።