የሰተን ስካርስዴል ግድግዳዎች

በእንግሊዝ፣ በደርቢሸር አውራጃ፣ ከቼስተርፊልድ ከተማ ብዙም በማይርቅ ኮረብታ ላይ ጣሪያ አልባ ሆኖ የቆመው ሰተን ስካርስዴል ሆል እ.ኤ.አ. ከ1724 እስከ 1729 የዋሪኩ ግንበኛና አርክቴክት ፍራንሲስ ስሚዝ ለአራተኛው የስካርስዴል ኧርል ለኒኮላስ ሌክ የሠራው የመኳንንት የገጠር መኖሪያ ነው፤ ኧርል ከእንግሊዝ መኳንንት ማዕረጎች አንዱ ነው። ጆርጅ የተባሉ አራት ነገሥታት ከ1714 እስከ 1830 በተከታታይ የነገሡበት ዘመን ጆርጂያን ስለሚባል፣ ቤቱም በዚሁ ስም ይመደባል። በደህና የተጠበቁት የዘመኑ ቤቶች አሠራራቸውን በጌጣቸው ሲሸፍኑ፣ ይህ ግን ጌጡ ስለተገፈፈ አሠራሩን ገልጦ ያሳያል፤ ፍርስራሹን ውድ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

በምሥራቁ ገጽ ያሉት ዓምዶች ከአንድ ፎቅ በላይ አልፈው እስከ ግንቡ አናት በአንድ ወጥ ይዘልቃሉ፤ እንዲህ ያለው አደራደር «ግዙፍ ሥርዓት» ይባላል። ገሚሶቹ ከግድግዳው የተጣበቁ ክብ ዓምዶች፣ ገሚሶቹም ጥቂት ብቻ ወጣ ያሉ ጠፍጣፎች ሲሆኑ፣ አካላቸው ከላይ እስከ ታች ቦይ ቦይ የወጣለት፣ ራሳቸውም በቆሮንቶስ ሥልት አካንተስ በተባለው ተክል ቅጠል አምሳል የተፈለፈለ ነው። የጆርጂያን ቤት ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ቁጥብና ጌጠ ቀላል ገጽ ነው፤ ይህ ቤት ግን ግርማን በሚወደው በባሮክ መንፈስ የተሠራ ነው።

ከውስጥ ሲታይ የገጹ የተጠረበ ድንጋይ የውጭ ልባስ ብቻ እንደሆነና ከጀርባው ሸክላ ጡብ እንደተገነባ ግልጽ ይሆናል። ወለሉ ስለጠፋ የላይኛው ፎቅ የእሳት ማንደጃ በግድግዳው አጋማሽ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፤ አግዳሚ እንጨቶች የገቡባቸው ቀዳዳዎችም የወለሉን ከፍታ ያመለክታሉ።

ኧርሉ በ1736 ያለ ወራሽ ሲሞት ቤቱ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጥጥ ፈትል ፋብሪካ የበለጸገው የአርክራይት ቤተሰብ ገዛው። በ1919 ጣሪያው ተነሥቶ የውስጡ ዕቃ ተሸጠ። የግድግዳ እንጨት ልባስ ተነቅሎ የሚገጠም በመሆኑ አንዳንዶቹ ክፍሎች በመርከብ ተጭነው አሜሪካ ገቡ፤ ሦስቱ በፊላዴልፊያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ አንዱ በካሊፎርኒያ ሃንቲንግተን ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። የቀረው ግንብም ለድንጋዩ ሊፈርስ ሲል ደራሲው ኦስበርት ሲትዌል በ1946 ገዝቶ አተረፈው፤ በ1970 ወደ መንግሥት ጥበቃ ገባ።

ኢጣሊያንኛ ተናጋሪ ጥበበኞች የቀረጹት የልስን ጌጥ ግን በቀጥታ ጡቡ ላይ የተለሰነ በመሆኑ እንደ እንጨቱ ተነቅሎ የሚሄድ አልነበረም፤ ስለዚህ ከማንደጃዎቹ በላይ ቁርጥራጩ ዛሬም ከጡቡ ጋር እንደተጣበቀ፣ ዝናብ እየወረደበት ይታያል።