ዳገት ላይ የሚይዝ የደረት ሕመም

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ዛሬ ይዘንላችሁ የቀረብነው «ጨጓራ ነው»፣ «ብርድ ነው» እየተባለ ስለሚታለፍ የልብ ሕመም ነው።

በአገራችን የልብ በሽታ ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብን በሮች የሚጎዳውን ነው። የዛሬው ግን ሌላ ነው። ልብ ለራሷ ደም የምታገኝባቸው ቧንቧዎች አሏት። በግድግዳቸው ላይ ለዓመታት ስብ እየተጋገረ ሲጠቡ፣ ሰው ቁጭ ባለበት ደሙ ሊበቃት ይችላል፤ ሥራ ሲበዛባት ግን ያጥራታል። ያን ጊዜ ደረት ይጨመቃል። ሐኪሞች ይህን አንጃይና ይሉታል።

የጉለሌን ነዋሪ እናስብ። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ከፍታው ከ3,000 ሜትር ያልፋል። አንድ አባት በማለዳው ብርድ ለሱብሒ ሶላት ዳገቱን ሲወጡ ደረታቸው መሐል ላይ ድንጋይ የተጫነ ያህል ይከብዳቸዋል። ቆም ሲሉ በጥቂት ደቂቃ ይለቃቸዋል። ስለለቀቃቸው የዳኑ ይመስላቸዋል፤ ለቤተሰብም አይናገሩም። ዋናው ምልክት ግን ይኸው ነው፦ ሲንቀሳቀሱ የሚመጣ፣ ሲያርፉ የሚተው ሕመም።

ሕመሙ ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ አንገት፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ ሊሄድ ይችላል። ብርድ፣ ንዴት፣ ከኢፍጣር በኋላ የሚበላ ከባድ ምግብም ይቀሰቅሰዋል። የጨጓራ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከምግብና ከረሃብ ጋር እንጂ ከዳገት ጋር አይሄድም። ሆኖም ሁለቱን በቤት ውስጥ በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም። በተለይ ሴቶች፣ አረጋውያንና የስኳር ሕመምተኞች ደረታቸውን ሳያማቸው ትንፋሽ ማጠር፣ ድካም ወይም ማቅለሽለሽ ብቻ ሊታይባቸው ይችላል።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ትልቁ ምርመራ የእናንተው ቃል ነው። መቼ ጀመረ? ምን ስትሠሩ ያዛችሁ? ስንት ደቂቃ ቆየ? ሲጋራና ጫትም ካለ አትደብቁ። ቀጥሎ የደም ግፊት፣ ስኳርና ኮሌስትሮል ይለካል፤ የልብ ኤሌክትሪክ በኢ.ሲ.ጂ ይነሣል። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ አርፋችሁ ተኝታችሁ የተነሣ ኢ.ሲ.ጂ ደህና መሆኑ ብቻውን ከበሽታው ነፃ አያደርግም። ሐኪሙ ከተጠራጠረ በእንቅስቃሴ ላይ እያላችሁ ሊመረምራችሁ፣ የልብ አልትራሳውንድ ሊያዝዝ፣ ካስፈለገም ቀጭን ቱቦ በእጅ አንጓ ወይም በብሽሽት አስገብቶ የጠበበውን ቧንቧ በራጅ ሊያይ ይችላል።

ሕመሙ ባረፋችሁበት ከመጣ፣ ካልለቀቀ፣ ወይም ላብና ማስመለስ ከታከለበት ግን ቧንቧው ሊዘጋ ይችላልና ቀጠሮ አይጠበቅም። ወዲያውኑ 907 ወይም 939 ደውላችሁ አምቡላንስ ጥሩ፤ ወይም በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድረሱ። የጉለሌ ሰው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ቅርቡ ነው። በሽተኛውን አታስኪዱት፣ ደረጃም አታስወጡት።

«ዱዓ ካለ ሐኪም ምን ያደርጋል?» የሚል ቢኖር፣ አቡ ዳውድ የዘገቡትን እናስታውስ። ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ሲታመሙ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሊጠይቋቸው ሄዱ፤ እጃቸውን በደረታቸው ላይ አኑረው ሕመሙ የልብ መሆኑን ነገሯቸውና ሐኪሙን ሓሪስ ኢብኑ ከለዳህን እንዲያዩ መከሯቸው። ዱዓና ሕክምና አይጣሉም።

የልብ ሕመም ያለበት ሰው ረመዷን ሳይገባ ከሐኪሙ ጋር ይመካከር፤ በራሱ ፈቃድ መድኃኒት አያቋርጥ። አላህ (ሱ.ወ) ለሕመምተኛ የጾምን ነገር አግርቶለታል።

ልጆች ሆይ፣ አባታችሁና እናታችሁ ዳገት ላይ ቆም ቆም ማለት ከጀመሩ «አርጅተዋል» ብላችሁ አትለፏቸው፤ ጠይቋቸው፣ ይዛችኋቸው ሂዱ። አላህ ለሁላችንም ዓፊያውን ይስጠን።