ነቀርሳ ከቀዶ ጥገና በኋላ ለምን ያገረሻል?

ገላጭ ድርሰት የአንድን ነገር ምንነትና ምክንያት በቅደም ተከተል ያስረዳል። የሚከተለውን ምንባብ ስታነቡ ምክንያቶቹ እንዴት ተለይተው እንደ ቀረቡ አስተውሉ።

«አገረሸ» የሚለው ግስ የሚነገረው ለቀቀ የተባለ በሽታ ተመልሶ ሲመጣ ነው፤ አዲስ ለሚጀምር በሽታ አይነገርም። በነቀርሳ፣ ማለትም በካንሰር፣ ሕክምና ይህ ቃል ከባድ ትርጕም አለው።

በጫግኒ ከተማ የምትኖር አንዲት እናት በጡቷ ላይ ዕባጭ አግኝታ፣ በእንጅባራና በዳንግላ አልፋ ባሕር ዳር ደረሰች እንበል። ሐኪሙ ዕባጩን በቀዶ ጥገና አወጣላት፤ ቍስሉም ጠገገ። ጎረቤቶቿ «እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ» ብለው ተቀበሏት። እርሷም ሕመሙ ስለ ጠፋላት ቀጠሮውን ተወችው። በሁለተኛው ዓመት በሽታው አገረሸባት። ምክንያቱ ምንድን ነው?

ገበሬ ከማሳው ሰርዶ ሲነቅል የሚታየው ሁሉ ይጠፋል፤ በአፈር ውስጥ የቀረችው ቍራጭ ሥር ግን ዝናብ ባገኘች ጊዜ ታቈጠቍጣለች። ነቀርሳም እንደዚሁ ነው። ቀዶ ጥገና የሚያስወግደው ዐይን ያየውን፣ እጅም የዳሰሰውን ነው። ቀደም ብለው በደም ወይም በሊምፍ ፈሳሽ የተጓዙ ጥቃቅን ሕዋሳት ካሉ የሐኪሙ ምላጭ አይደርስባቸውም።

በሽታው ቶሎ እንዲያገረሽ የሚያደርጉት ምክንያቶች በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ከበሽታው ጠባይ የሚመነጩ ናቸው። እነርሱም የዕባጩ ትልቅ መሆን፣ በብብት ሥር ወዳሉት ንፍፊቶች መዛመቱ፣ የሕዋሳቱ በፍጥነት መባዛት፣ ተቈርጦ በወጣው ሥጋ ጠርዝ ላይም የነቀርሳ ሕዋስ መገኘቱ ናቸው። የወጣው ሥጋ ወደ ላቦራቶሪ ተልኮ በማይክሮስኮፕ የሚመረመረው ይህን ለማወቅ ነው።

ሁለተኛዎቹ ከጊዜ ጋር የተያያዙ ናቸው። አንዱ ዘግይቶ መምጣት ነው። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በታከሙ 1,070 የጡት ነቀርሳ ሕሙማን ላይ ተደርጎ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ የበሽታቸው ደረጃ ከተመዘገበው መካከል 71 በመቶ የሚሆኑት በሦስተኛ ደረጃ ላይ እንደ ነበሩ አሳይቷል። ሌላው ሕክምናን ማቋረጥ ነው። ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚሰጠው ኬሞቴራፒ የቀሩትን ሕዋሳት የሚያሳድድ ነው። በሆርሞን ለሚያድግ የጡት ነቀርሳ የሚታዘዘው ታሞክሲፌንም ቢያንስ ለ5 ዓመት በየቀኑ ይዋጣል። የጨረር ሕክምና ደግሞ ለብዙ ዓመታት በአገራችን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር፤ ስለዚህ ከጫግኒ ለሚነሣ ሕመምተኛ የሐኪም ትእዛዝን መፈጸም የመሳፈሪያ፣ የማደሪያና የወረፋ ጕዳይም ነበር። ያቋረጠውን ሰው ከመውቀስ በፊት መንገዱን ማሰብ ይገባል።

እንግዲህ ምክንያት ማለት ፍርድ ማለት አይደለም። ዕባጯ ትልቅ የነበረ ሴት በሽታው ሳያገረሽባት ልትኖር ትችላለች፤ ትንሽ የነበረባትም ሊያገረሽባት ይችላል። የሕዋሱን ጠባይ መለወጥ የእኛ ድርሻ አይደለም፤ በጊዜ መታየትና ቀጠሮን ማክበር ግን በብዙው በእጃችን ነው። ከቤታችሁ ወይም ከጎረቤታችሁ በቀዶ ጥገና የታከመ ሰው ቢኖር «አሁን ተሽሎኛል» ሲል ሰምታችሁ ዝም አትበሉ። የቀጠሮ ካርዱን ተቀብላችሁ ቀኑን አንብቡለት።

መልመጃ

1. በምንባቡ የቀረቡትን ሁለት ዓይነት ምክንያቶች ለይታችሁ ጻፉ።
2. የሰርዶው ምሳሌ ምንን ያስረዳል?
3. «አገረሸ» እና «ጀመረ» በሚሉት ግሶች አንዳንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ።