ብስክሌተኛን መቅደም፦ የካሊፎርኒያ 3 ጫማ

የካሊፎርኒያ የመንገድ ሕግ ብስክሌተኛን የሚቀድም አሽከርካሪ «በቂ ርቀት» እንዲጠብቅ ሲያዝ ቢቆይም፣ በቂው ስንት እንደሆነ አይናገርም ነበር። ስለዚህ ብስክሌተኛውን ያልገጨ ሁሉ በቂ ርቀት ጠብቄያለሁ ብሎ ሊከራከር ይችል ነበር። ከሴፕቴምበር 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን መጠኑ 3 ጫማ፣ ማለትም 91 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆኗል፤ የሚለካውም ስፖኪዮን ጨምሮ ከየትኛውም የመኪናው አካል አንሥቶ እስከ ብስክሌቱ ወይም እስከ ነጂው ነው። ዊስኮንሲን ተመሳሳይ ሕግ ያወጣችው በ1973 ነበር። ካሊፎርኒያን ካዘገዩት አንዱ የያኔው አገረ ገዥ የጄሪ ብራውን ተቃውሞ ነው፤ ረቂቁን በ2011 ፍጥነት ስለመቀነስ በሚያዘው አንቀጽ፣ በ2012 ደግሞ የመሀሉን ድርብ ቢጫ መስመር ማቋረጥን በመፍቀዱ ውድቅ አድርገውታል።

ቁጥሩ ለክስ ይጠቅማል፤ ሕይወት የሚያተርፈው ግን፣ በእኔ ግምት፣ አብሮት የመጣው ግዴታ ነው፦ መንገዱ 3 ጫማ የማያስተርፍ ከሆነ አሽከርካሪው ፍጥነቱን ቀንሶ ብስክሌተኛውን ለአደጋ የማያጋልጥበትን ጊዜ መጠበቅ አለበት። ርቀቱ የሚያስፈልገው ብስክሌት ሚዛኑን የሚጠብቀው መሪው ግራና ቀኝ እያለ ስለሆነ ነው። ጉድጓድ ወይም በድንገት የተከፈተ የመኪና በር ደግሞ ነጂውን ወደ መሀል ይገፋዋል፤ ትልቅ የጭነት መኪና ሲያልፍም ነፋሱ መጀመሪያ ወደ ውጭ ይገፋና ከዚያ ወደ ራሱ ይስባል። በመኖሪያ ሰፈር የሚበቃው 91 ሳንቲ ሜትር መኪና በሚበርበት አውራ ጎዳና ላይ ኢምንት ነው። የአውስትራሊያዋ ኩዊንስላንድ በ2014 ርቀቱን ከፍጥነት ጋር አያይዛ፣ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት እስከ 60 ኪሎ ሜትር በሆነበት መንገድ 1 ሜትር፣ ከዚያ በላይ 1.5 ሜትር አድርጋለች። ካሊፎርኒያ ለሁሉም መንገድ አንድ ልክ መስፋቷ ጉድለት ነው።

ሜትር ይዞ የሚቆም ፖሊስ የለም የሚለው ተቃውሞ ሚዛን ይደፋል። የቴነሲዋ ቻተኑጋ ከተማ ፖሊሶች በ2015 በድምፅ ሞገድ ርቀት የሚለካ መሣሪያ ብስክሌታቸው ላይ ገጥመዋል፤ ሆኖም በየመንገዱ መሣሪያ ማዳረስ አይቻልም። የተሻለው መልስ ካሊፎርኒያ ከ2023 ጀምሮ ያከለችው ነው፦ በዚያው አቅጣጫ ሌላ ክፍት ረድፍ ካለ መኪናው ወደዚያ ተሻግሮ ይለፍ። ረድፍ መቀየርን ማንም ምስክር ያለ መለኪያ ያያል። ትራፊክ ይጓተታል ለሚሉም ሒሳቡ ቀላል ነው፤ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ከሚሄድ ብስክሌት ኋላ 200 ሜትር የተጓዘ መኪና፣ በ50 ቢሄድ ኖሮ ከሚወስድበት 22 ሰከንድ ያህል ብቻ ይዘገያል። ብስክሌተኞችም ቀይ መብራት ይጥሳሉ ይባላል፤ ይጥሳሉ፣ ለዚያም የራሱ ቅጣት አለው።

የሚከብደው በየአቅጣጫው አንድ ረድፍ ብቻ ያለው ጠባብ መንገድ ነው። ኩዊንስላንድ ከፊት የሚመጣ ከሌለና መንገዱ በግልጽ የሚታይ ከሆነ የመሀሉን መስመር ረግጦ ማለፍን ስትፈቅድ፣ የ2014ቱ የካሊፎርኒያ ሕግ የወጣው ይህን ፈቃድ ሳይዝ ነው።