መሸኛው እስኪመጣ

ነሐሴ ላይ ዝናብ ያራሰው ወጣት ቢሮዬ ገባና ከሸሚዙ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጣ። ኮንሶ ካለው ቀበሌው ያመጣው መሸኛ ነው። ማኅተሙ እንዳይረጥብ ፌስታሉን ደርቦታል። «ጋሼ፣ አሁን መክሰስ እችላለሁ አይደል?» አለኝ። እዚህ ጂንካ አንድ ግንባታ ላይ አርማታ ሲያቦካ የኅዳር፣ የታኅሣሥና የጥር ደመወዙን አስቀርተውበታል። «የከተማው መታወቂያ ሳይኖርህ ማንን ትከሳለህ?» ሲሉት አገሩ ገባ፤ መሸኛውን እስኪጨርስና የመመለሻ ብር እስኪያገኝ ክረምቱ ደረሰ።

«መታወቂያ የሌለው አይከስም» የሚለውን ነገር ስንት ዓመት ሰማሁት! አሠሪው ቢለው፣ ካቦው ቢለው ጥቅማቸው ነው። የሚያደክመኝ ተምረዋል የምንላቸው ሰዎች ለተበዳዩ እንደ ምክር ሲሰጡት ነው። የቀበሌ መታወቂያ የት እንደምትኖር ያሳያል፤ ደመወዝ ደግሞ የላብ ዋጋ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሩ ተዘዋውሮ የፈለገበት መኖር ይችላል። አንቀጽ 37 ደግሞ ፍትሕ የማግኘትን መብት ለማንኛውም ሰው ሰጥቷል። «ለቀበሌው ነዋሪ» የሚል ቃል የለበትም።

ቀጥሎ የሚመጣው «ውል አልፈረምክም» ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ በ15 ቀን ውስጥ ፈርሞ የጽሑፍ መግለጫ መስጠት ያለበት አሠሪው ነው፤ የክፍያ መዝገብ መያዝም የእሱ ግዴታ ነው። ወረቀት ያጎደለው እሱ ሆኖ ሳለ፣ ወረቀት አምጣ የሚባለው ሲሚንቶ የተሸከመው ልጅ ነው!

አቶ መለስ ዜናዊ በጥር 2003 ዓ.ም. እዚሁ ጂንካ፣ በአርብቶ አደሮች ቀን፣ የኦሞን ሸለቆ የስኳር ልማት ካበሰሩ ወዲህ እንጀራ ፍለጋ ወደዚህ የወረደው ሰው ብዙ ነው። አርብቶ አደሩ ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብቱን ሲጠይቅ፣ አንቀጽ 40ን ይዘን አብረነው እንቆማለን። ያ ጥያቄ ግን የቀን ሠራተኛን «መጤ» ብሎ ደመወዙን ለመብላት ሰበብ አይሆንም።

ወጣቱን የጎዳው ይርጋው ነው። የደመወዝ ጥያቄ ክፍያው መፈጸም ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል፤ የእያንዳንዱ ወር ለብቻው ይቆጠራል። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ቢመጣ የጥሩን እናተርፍ ነበር። ስለዚህ የቀን ሠራተኞችን ጠዋት ሥራ በሚጠብቁበት ቦታ እየሄድኩ የምነግራቸው ይህንኑ ነው፦ መጀመሪያ ክሱ፣ መሸኛው በኋላ ይደርሳል። የካቦውን የስም መቆጣጠሪያ በስልክ አንሱ። አብረዋችሁ የሠሩት ሳይበተኑ ስማቸውንና ስልካቸውን ያዙ፣ ምስክር ናቸው። ሠራተኛ ለሚያቀርበው ክስ የዳኝነት አይከፍልም።

አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ካመነ ይርጋው ይቋረጣል። «እከፍልሃለሁ ብሎህ ያውቃል?» አልኩት ወጣቱን። «በየሳምንቱ!» አለኝና ስልኩን አቀበለኝ። መልእክቶቹን ወደ ኋላ እስከ ኅዳር አየናቸው። ሰውዬው ይደውላል እንጂ አይጽፍም።